አራት ኮርስ፣ አራት ሕንድ፦ የደቡብ እስያ ጥናትን ሜጀሯ ልታደርግ ላሰበች ተማሪ

የደረሰን ደብዳቤ፣ አሳጥረን፦

«ሜሪላንድ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሕንድ ፊልም እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚህ ከገባሁ በኋላ ስለ ሕንድ ባህልና ኅብረተሰብ አራት ኮርስ ወሰድኩ፤ አንዱ ከሃይማኖት ጥናት፣ አንዱ ከታሪክ፣ አንዱ ከአንትሮፖሎጂ፣ አንዱ ከፊልም። አሁን የደቡብ እስያ ጥናትን ሜጀሬ ላደርግ ነው፤ ግን ግራ ገብቶኛል። ስለ ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማኅበራዊ ወገን ክፍፍል) አንዱ መምህር ከጥንት መጻሕፍት የመጣ ነው ይላል፣ ሌላዋ እንግሊዞች ያደረጁት ነው ትላለች። ሁሉንም አነባለሁ፣ የቱንም በደንብ አላውቅም። ቋንቋ ሂንዲ ልጀምር ወይስ ሳንስክሪት? የመመረቂያ ጽሑፌን "ሴቶች በሕንድ ባህል" በሚል ልሠራ አስቤአለሁ። በሦስተኛ ዓመቴ አንድ ሴሚስተር ሕንድ ሄጄ መማርም እፈልጋለሁ። አባቴ ግን "ይሄ ነገር ምን ሊሠራልሽ ነው?" ይሉኛል። — ሀ.»

ውድ ሀ.፣

መምህራንሽ የተጋጩ የመሰሉሽ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሰጡ ስለመሰለሽ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ማስረጃቸውም ለየቅል ነው። ይህን አንዴ ከለየሽ የቋንቋውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የአባትሽም ጉዳይ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ከካስቱ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

የሃይማኖት መምህርሽ በእጁ የያዘው ጽሑፍ ነው። ሪግ ቬዳ የሚባለው የጥንት የመዝሙር መጽሐፍ በ10ኛው ክፍሉ በ90ኛው መዝሙር ከአንድ የጥንት ሰው አካል አራት ወገኖች ሲወጡ ይተርካል፤ ከአፉ ብራህሚን (ካህን)፣ ከክንዱ ገዢና ተዋጊ፣ ከጭኑ ነጋዴና ገበሬ፣ ከእግሩ አገልጋይ። የማኑ ሕግ የሚባለውም መጽሐፍ ይህንኑ ክፍፍል ይዞ ማን ምን ይሥራ፣ ማን ማንን ያግባ እያለ ይደነግጋል። ይህ ባለአራት ክፍል ሥርዓት ቫርና ይባላል። የተማሩ ብራህሚኖች ዓለም እንዲህ ብትሆን ብለው ያሰፈሩት ነውና ሰው በዕለት ኑሮው እንዴት ይተዳደር እንደነበር ብቻውን አይነግርሽም።

አንትሮፖሎጂ የሚይዘው ሌላ ነው። ሕንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ በ1948 ደቡብ ሕንድ፣ ማይሶር አካባቢ አንዲት መንደር ተቀምጦ ያየው አራት ወገን ሳይሆን ጃቲ የሚባሉ፣ በየአካባቢው የሚለያዩ፣ በአገር ደረጃ ሲቆጠሩ በሺዎች የሚሆኑ ወገኖችን ነው። በዚያች መንደር ከፍ ብሎ የሚታየው ብራህሚኑ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱና የሰው ብዛቱ ያለው ገበሬ ወገን የመንደሩን ነገር ይወስን ነበር። ዝቅ ያለ የሚባል ጃቲም ሥጋና መጠጥ ትቶ፣ የላይኞቹን ሥርዓት ይዞ፣ በአንድ ሁለት ትውልድ ከፍ ለማለት ሲጥር ተገኘ። መጽሐፉ የማይነቃነቅ ያለው ደረጃ በመንደሩ ሲነቃነቅ ታየ ማለት ነው።

የታሪክ መምህርሽ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሰው ናት። እንግሊዞች ከ1871 እና 72 ጀምሮ ሕዝብ ሲቆጥሩ እያንዳንዱን ሰው በአንድ የካስት ስም መዘገቡት፤ በ1901 የቆጠራው ኃላፊ ኸርበርት ሪስሊ ወገኖቹን በማኅበራዊ ደረጃ ቅደም ተከተል ሊያሰልፋቸው ተነሳ። ወዲያው ከየአቅጣጫው «እኛ ከእነ እገሌ በላይ ነን» የሚል አቤቱታ ጎረፈ። አንድ ሰው እንደ ሁኔታው ሲለዋውጠው የነበረ ማንነት በቅጽ ላይ ደረቀ። መምህርሽ «ያደረጁት» ስትል ይህን ማለቷ ነው፤ ከባዶ ፈጠሩት አላለችም። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። ሁሉም ካስት ተቆጥሮ ውጤቱ የታተመው ለመጨረሻ ጊዜ በ1931 ሲሆን፣ የሕንድ መንግሥት በሚቀጥለው ቆጠራ ካስትን መልሶ እንደሚያስገባ ያስታወቀው በሚያዝያ 2025 ነው።

አራተኛም አለ፤ በደብዳቤሽ ያልጠቀስሽው። ቢ. አር. አምቤድካር ከሁሉም በታች ተደርገው «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ተወልዶ በ1916 ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት የካስት ምሰሶው ጋብቻ ነው አለ። ወገኑ ከራሱ ውጭ እንዳያገባ ሲዘጋ ካስት ይሆናል፤ ለዚያም የሚከፈለው ዋጋ በሴቶች ላይ ይወድቃል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም እንዳታገባ የሚከለክለው፣ ልጅ ሳትደርስ የሚድረው ከዚህ ነው። ይኸው ሰው በኋላ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ በጥር 1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 አለመነካካትን ሻረ። ስለ ሕንድ ሴቶች መጻፍ ለምታስቢው ለአንቺ መነሻው ከማኑ ይልቅ እዚህ ይሻልሻል ባይ ነን።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምታነቢው ጽሑፍ ሁሉ አናት ላይ፣ አንድ መስመር እንኳን ከማስመርሽ በፊት፣ ይህን ጻፊ፦ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ጽሑፍ ነው፣ ሰው ነው ወይስ መዝገብ? የትኛው ክፍለ አገር፣ የትኛው ዘመን? ያልተናገረውስ ማን ነው? ሦስተኛውን አትዝለይው። የዚህ ትምህርት ነባር በሽታ «ሕንድ» ተብሎ የሚወራው ሰሜኑ፣ ሂንዱው፣ ከሂንዱውም የላይኛው ወገን ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በ2011 ቆጠራ ሙስሊሙ 14.2 በመቶ ነበር፣ ከ170 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ማለት ነው፤ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ወገኖች 16.6 በመቶ። በደቡቡ ክፍለ አገር በኬረላ ከመቶው 18ቱ ክርስቲያን ነው። ከእነዚህ የማላንካራ ኦርቶዶክሶች በ1965 አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠሩት የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጡ ናቸው። ኮርሶችሽ እነዚህን ካላሳዩሽ የኮርስ ምርጫሽ ጎድሏል።

አሁን ወደ ሜጀሩ። የእንዲህ ያሉ ብዙ ዘርፍ የሚያጣምሩ ሜጀሮች ደካማ ጎን ተማሪው ከየዘርፉ አንድ አንድ ጉርሻ ቀምሶ፣ የትኛውንም ሙያ ሳይዝ መመረቁ ነው። «የቱንም በደንብ አላውቅም» ያልሽው ይህንኑ ነው፤ ብዙ በማንበብም አይድንም። የሚድነው አንድ ቋንቋ፣ አንድ የሙያ ዘዴና አንድ ክፍለ አገር በመያዝ ነው። ሜጀርሽ ወደ 12 ኮርስ የሚጠይቅ ከሆነ (ብዙዎቹ በዚህ ዙሪያ ናቸው) ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን እንመክርሻለን፦ አራቱ ቋንቋ፤ አራቱ ከአንድ ዲፓርትመንት ብቻ፣ ከእነሱም አንዱ ግዴታ የምርምር ዘዴ ኮርስ፤ ሦስቱ ከሌሎች ዘርፎች፤ አንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ። እስካሁን የወሰድሻቸው አራቱ ከነዚህ ሦስት ነጻ ቦታዎችና ከዋናው ዲፓርትመንትሽ አንዱን ሸፍነውልሻል፤ ስለዚህ ሌላ መቅመስ ይብቃሽ።

ዋናው ዲፓርትመንት የቱ ይሁን? ታሪክ ወይም አንትሮፖሎጂ። የፊልም ጥናት ልብሽ ያለበት ይመስለናል፤ ነገር ግን ፊልም ስለ ኅብረተሰቡ ማስረጃ የሚሆነው ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተመለከተው፣ ሳንሱሩ ምን እንደቆረጠ ስታውቂ ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚያስተምርሽ ታሪክ ነው። አድቫይዘርሽ ዘንድ ስትሄጂ ሁለት ነገር በጽሑፍ አረጋግጪ፦ አንድ ኮርስ ለሁለት ሜጀር ወይም ለሜጀርና ለማይነር እንዲቆጠር ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ፣ እና የምትመረቂው በየትኛው ዓመት ካታሎግ እንደሆነ። ታሪክን ሁለተኛ ሜጀር ማድረግ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ያነሰ ተጨማሪ ኮርስ ነው የሚጠይቀው።

ቋንቋው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጥያቄሽ የሕያዋን ሰዎች ከሆነ ሂንዲ፤ የጥንት ጽሑፍ ከሆነ ሳንስክሪት። ሳንስክሪት ስሙ በ8 የሰዋስው ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ወዘተ) እና በ3 ቁጥር (ነጠላ፣ ጥንድ፣ ብዙ) የሚረባ፣ ቃላቱ ሲገናኙ ድምፃቸው የሚቀያየር ቋንቋ ነው። በሁለት ዓመት የምትደርሺበት ቀለል ያለ ትረካ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሽ ማንበብ ነው፤ ገበያ ላይ አያገለግልሽም። የሃይማኖት ጥናት ዶክትሬት ካላሰብሽ ይቆይ። ኡርዱ በንግግር ደረጃ ከሂንዲ ጋር ሰዋስዉ አንድ ነው፤ የሚለየው በፊደሉና ከፍ ባለው መዝገበ ቃላቱ ነው። አንድ ዓመት ሂንዲ ከተማርሽ በኋላ የኡርዱን ፊደል በጥቂት ሳምንት ትይዢዋለሽ፣ ሙስሊሙን ሕንድም ማንበብ ትጀምሪያለሽ። ሂንዲ ግን ሕንድን ሁሉ አይከፍትም። ሕገ መንግሥቱ በዝርዝር የያዛቸው 22 ቋንቋዎች አሉ፤ በ2011 ሂንዲን አፍ መፍቻዬ ያለው 43.6 በመቶው ብቻ ነው። በታሚል ናዱ ወይም በኬረላ ገጠር ሂንዲሽ ዋጋ የለውም።

አማርኛ ተናጋሪ መሆንሽ እዚህ ጥቅም አለው። ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ይመጣል፤ «ጠረጴዛ ላይ» እንደምንለው ሁሉ ሂንዲም መስተዋድዱን ከስሙ በኋላ ያስቀምጣል። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለይ አፍ ያላት ልጅ የሂንዲን ሦስት የአክብሮት ደረጃ እንደ ፈረንጅ ተማሪ አትደናገርበትም። ዴቫናጋሪ የሚባለው ፊደልም እንደ ፊደላችን ነው፤ ተነባቢው የራሱን አናባቢ ይዞ ይወለዳል፣ በምልክት ይቀየራል። ምልክቶቹ ከእኛዎቹ ይልቅ ወጥ ናቸው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ የአጭሩ «ኢ» ምልክት ከተነባቢው በፊት ይጻፋል፣ የሚነበበው ግን በኋላ ነው፤ በቃሉ መጨረሻ ያለ ተነባቢ ደግሞ አናባቢውን ይጥላል፣ ልክ ሳድስ አንዳንዴ እንደሚዋጠው።

የሚያስቸግርሽ ድምፁና አንድ የሰዋስው ሕግ ነው። ሂንዲ «ክ» እና «ግ»ን ያለ ትንፋሽና በትንፋሽ ይለያል፤ አራቱም ፍቺ ይቀይራሉ። «ት»ም ሁለት ናት፤ አንዷ ምላስ ጥርስ ነክቶ፣ ሌላዋ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ። «ጠ» ወይም «ቀ» ብለሽ እንዳትተኪያቸው፤ የእኛ ፈንጂ ድምፆች በሂንዲ የሉም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ካላስተካከልሽው ይደርቅብሻል፤ ስለዚህ ድምፅሽን እየቀዳሽ ከመምህሩ ጋር አስተያዪ። ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፦ ተሳቢ ያለው ግስ ባለፈ ጊዜ ሲነገር ባለቤቱ «ኔ» የሚል ቅጥያ ይወስድና ግሱ ከተሳቢው ጋር ይስማማል። «ልጁ ዳቦ በላ» ለማለት ግሱ በሴት ጾታ ይመጣል፤ ልጁ ወንድ ቢሆንም ዳቦዋ፣ ሮቲ፣ ሴት ናትና። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከነጾታው አጥኚ፤ ጾታውን ሳይዙ ያጠኑት ቃል በሁለተኛው ዓመት መልሶ ያስቀጣል።

ሰዓቱን እናስላ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ ሂንዲንም አማርኛንም በአንድ ምድብ አስቀምጦ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማት ለሥራ ብቁ ለመሆን 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድብላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ክፍል በሳምንት 5 ሰዓት፣ በሴሚስተር 15 ሳምንት ቢሆን 75 ሰዓት ነው፤ በሁለት ዓመት 300። ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ መንደር ገብቶ ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ የሚል ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ተናጋሪው ባለአነጋገር ዘዬ ነው፣ ይፈጥናል፣ የመጽሐፉን ሂንዲ አይናገርም። ማሳጠሪያው ሰመር ነው። እንደ ዊስኮንሰን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሰመር የደቡብ እስያ ቋንቋ ፕሮግራሞች የአንድ ዓመት ትምህርት በ8 ሳምንት ይሰጣሉ። የአሜሪካ የሕንድ ጥናት ተቋም ደግሞ ሂንዲን ጃይፑር፣ ኡርዱን ላክናው ላይ ያስተምራል። በዚህ ሰመር የመጀመሪያውን ዓመት ከጨረስሽ በመስከረም ሁለተኛው ውስጥ ገብተሽ በጥር ሕንድ መሄድ ትችያለሽ። የመንግሥት የነጻ ትምህርት ገንዘቦቹ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ፣ አንዳንዶቹ ለዜጋ ብቻ፣ አንዳንዶቹ ለግሪን ካርድ ያዥም ስለሆኑ የዩኒቨርሲቲሽን የፌሎውሺፕ ቢሮ በጥቅምት አነጋግሪ፤ አብዛኛው ማመልከቻ የሚዘጋው ከገና አካባቢ ጀምሮ ነው።

«ሴቶች በሕንድ ባህል» የሚለውን ርዕስ ተይው። ርዕሱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን «የሕንድ ሴት» የሚባል አንድ ነገር ስለሌለ ነው። በ2011 ኬረላ ውስጥ ለ1,000 ወንድ 1,084 ሴት ነበረች፤ ሃርያና ውስጥ 879። በ2019–21 የቤተሰብ ጤና ጥናት ቢሃር ላይ አንዲት ሴት በአማካይ 3 ልጅ፣ ኬረላ ላይ 1.8 ትወልድ ነበር። «የሕንድ ሴት» ብለሽ የምትጽፊው ዓረፍተ ነገር ሁሉ የአንዱን ክፍለ አገር ሁኔታ ለሌላው ይሰጣል። ርዕስ የሚጠበው በሦስት ነገር ነው፤ በቦታ፣ በዘመን፣ በማስረጃ። ለምሳሌ፦ በ1992 የጸደቀው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመንደር ምክር ቤቶች ቢያንስ ሲሶውን መቀመጫ ለሴቶች ለየ፤ ቢሃር በ2006 ወደ ግማሽ አሳደገው። «በቢሃር የሴቶች መቀመጫ ግማሽ ሲሆን ጋዜጦች ስለ ተመራጮቹ ባሎች ምን ጻፉ?» ብትይ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ሆነ። ባሎች ያልነው በሚስት ስም ወንበሩን የሚይዙ ባሎች ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ስለሆኑ ነው።

ምናልባት ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ርዕስ ያምርሽ ይሆናል፤ የብዙ ሐበሻ ተማሪ ዓይን ማሊክ አምበር ላይ ያርፋል። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ ደካን በሚባለው የሕንድ ደጋ የአህማድናጋር መንግሥት ዋና ሰው የሆነው፣ ሰሜኑን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎችን ለዓመታት ያስቸገረው፣ በ1626 የሞተው እሱ ነው። እጅግ የሚስብ ሰው ነው፤ ምንጮቹ ግን በአብዛኛው ፋርስኛ፣ ቀጥሎም የአውሮፓ ነጋዴዎች ወረቀት ናቸው። ያለ ፋርስኛ የምትጽፊው ሌሎች የጻፉትን ማሳጠር ነው። ዛሬ ጉጃራትና ካርናታካ ያሉትን፣ ሲዲ የሚባሉትን የአፍሪካውያን ዘሮች «ወገኖቻችን» ብሎ መጀመርም ወጥመድ ነው፤ የብዙዎቹ ዘር የሚመዘዘው ከምሥራቅ አፍሪካ ባንቱ ተናጋሪ ሕዝቦች ነው፣ «ሐበሺ» የሚለው ስም ሕንድ ውስጥ ለአፍሪካዊ ሁሉ ይሰጥ ነበርና።

እኛ የምናስቀድምልሽ ሌላ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ብዙ ሕንዳውያን፣ በተለይ ከኬረላ፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ያስተማሯቸው ሰዎች ዛሬ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጡረታ ላይ ናቸው። ጥያቄውም የሕንድ ጥናት ጥያቄ ሆኖ ይቆማል፦ ኬረላ የተማረ ሰው ተርፏት ወደ ውጭ የላከችው ለምንድን ነው? የሚስዮን ትምህርት ቤቶችና የቀድሞው የትራቫንኮር መንግሥት የትምህርት ፖሊሲ፣ የተማረ ሥራ አጥነት፣ የቤተ ክርስቲያን ግንኙነት ሁሉም ይገቡበታል። ሴት መምህራን ስንት ነበሩ፣ ከባል ጋር ነው ወይስ ለብቻ የመጡት ብለሽ የሴቶቹንም ጉዳይ ማስገባት ትችያለሽ። ሂንዲሽ እዚህ አይረዳሽም፤ የኬረላ ቋንቋ ማላያላም ነው። ሆኖም በ300 ሰዓት ሂንዲ ከሚሠራ ደካማ ቃለ መጠይቅ በአፍ መፍቻሽ የሚሠራ ጠንካራው ይበልጣል፤ ከክፍል ጓደኞችሽ ይህን ሊሠራ የሚችል ሌላ ሰው የለም።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ የዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ውሳኔ ነው። የተሻሻለው የፌደራል ደንብ የቃል ታሪክን ከሚቆጣጠራቸው ምርምሮች ውጭ አድርጎታል፤ ያ ማለት ግን አንቺ ራስሽ ወስነሽ ትጀምሪያለሽ ማለት አይደለም። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርበሽ «አይመለከተንም» የሚል መልስ በእጅሽ ያዢ፤ ሳምንታት ይወስዳል፣ ያለ እሱ የቀዳሽውን ሊከለክሉሽ ይችላሉ። የፈቃድ ቅጹን በአማርኛም አዘጋጂ። ትልልቅ ሰዎችን ስትጠይቂ «መምህርዎ ጥሩ ነበሩ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ መልሱ «እጅግ ጥሩ ነበሩ» ይሆንና ይዘጋል። የክፍሉን አቀማመጥ፣ ቅጣቱን፣ የመምህሩን እንግሊዝኛ አነጋገር፣ ምሳ የት ይበሉ እንደነበር ጠይቂ። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ ሳይቆጠር። ስለዚህ ከስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃሻል።

ወደ ሕንድ ጉዞው። ሂንዲ ለማዳበር ጃይፑር፣ ዴልሂ ወይም ቫራናሲ ሂጂ፤ ቤንጋሉሩ ከሄድሽ በእንግሊዝኛ ኖረሽ ትመለሻለሽ። ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ሴሚስተር ስትሄጂ ጥር ላይ ዴልሂ ብርድ ነው፣ ብዙ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ግንቦት ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ክሬዲቱን ሳትሄጂ አስጸድቂ፤ የኮርሱን ዝርዝር አያይዘሽ። የነጥቡን መቀየሪያ ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረት ስጪው። በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች 60 በመቶ አብዛኛውን ጊዜ «አንደኛ ደረጃ» ነው፤ የአንቺ ሬጅስትራር እንደ አሜሪካ ቆጥሮት ዲ ሊሰጥሽ ይችላል። በምን ሠንጠረዥ እንደሚቀየር በጽሑፍ ሳትይዢ አትነሺ።

በቱሪስት ቪዛ ለክሬዲት መማርም ሆነ ምርምር ማድረግ አይቻልም፤ የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል። ከ180 ቀን በላይ የሚያቆይ ከሆነ በደረስሽ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ ዜጎች መመዝገቢያ ቢሮ ትመዘገቢያለሽ። የያዝሽው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛውን ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ዘመድ ለመጠየቅ በአዲስ አበባ በኩል ለማለፍ ካሰብሽ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዢ፤ ባለፉት 6 ቀናት ኢትዮጵያ የነበረ መንገደኛ ካርዱ ከሌለው ሕንድ ሲገባ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ፊልሞቹ የማያሳዩት አንድ ነገርም እንንገርሽ። ጥቁር ተማሪዎች ሕንድ ውስጥ በቆዳቸው ምክንያት ቤት መከራየት ይከለከላሉ፣ መንገድ ላይ ይሰደባሉ፤ በመጋቢት 2017 ዴልሂ አጠገብ ታላቁ ኖይዳ ላይ አፍሪካውያን ተማሪዎች በሕዝብ ተደብድበዋል። ይህን ስንልሽ እንዳትሄጂ አይደለም፤ ብዙ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እዚያ ተምረው ተመልሰዋል። መኖሪያሽ ግን በፕሮግራሙ የተዘጋጀ፣ የዩኒቨርሲቲ ሆስቴል ወይም አስቀድሞ የተመረጠ ቤተሰብ ይሁን፤ ደላላ ላይ አትጣይው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህንኑ ለምትጠይቁን፦ መንገዱ የሕንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት፣ አይሲሲአር፣ የሚሰጠው ነጻ ትምህርት ነው። ጥሪው ሲወጣ በኤምባሲው በኩል ይገለጻል፤ የዩኒቨርሲቲዎቹን ምርጫ በቅደም ተከተል ስለምታስይዙ ከተማ ብቻ አይታችሁ አትሙሉ፣ የዲፓርትመንቱን መምህራን ተመልከቱ።

የአባትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በክርክር አትመልሺላቸው። የደቡብ እስያ ጥናት ዲግሪ ብቻውን ሰው አያስቀጥርም። የሚያስቀጥረው ቋንቋውና ከጎኑ ያለ አንድ የሚቆጠር ሙያ ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ የሕዝብ ጤና፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ፣ ካርታ ሥራ። አንዱን በማይነር ያዢና ለአባትሽ የ12ቱን ኮርሶች ሠንጠረዥ፣ የመመረቂያ ቀኑንና ወጪውን በአንድ ገጽ አሳዪያቸው። እሳቸው ራሳቸው በሕንዳዊ መምህር የተማሩ ከሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅሽ ከቤት ይጀምራል።

ሥራውንም አጠገብሽ ሄደሽ እዪው። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1962 ጀምሮ ኒው ዴልሂ ላይ ቢሮ አለው፤ በሂንዲ፣ በኡርዱ፣ በማላያላምና በሌሎችም የሚታተመውን እየገዛ ይልካል፣ ያንን የሚያውቁ ሰዎችንም ይቀጥራል። የእስያ ንባብ ክፍሉ በጄፈርሰን ሕንጻ ነው። የአንባቢ ካርዱ መታወቂያ ይዞ ለሄደ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። በአንድ የሥራ ቀን ሄደሽ ካርዱን አውጪና የደቡብ እስያ ባለሙያዋን ወይም ባለሙያውን «ከኬረላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስለሄዱ መምህራን ምን አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።